የመንኮራኩር ናፍቆትና የተቃጠለው ኔጋቲቭ

ጥሊሊ፣ እናቴ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። በውስጡ የስፌት ክር፣ ያረጀ የግብር ደረሰኝና 11 ፎቶግራፎች አሉ። ከ11ዱ አንዱ የአጎቴ ነው። አጎቴ በሥዕል መጋረጃ ፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። መጋረጃው ላይ አውሮፕላን አለ፤ ከአውሮፕላኑ በላይ ደግሞ ሠዓሊው ጨረቃ ይሁን ሌላ ዓለም ያልወሰነለት ነጭ ክብ ነገር ይታያል። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ ጫማው ላይ ያለው የጥሊሊ ጭቃ ግን የራሱ ነው። እናቴ እንደምትለው ፎቶ ቤቱ ሁለት መጋረጃ ነበረው፤ አንዱ አበባና ፏፏቴ፣ ሌላው ይህ። «አበባማ ደጃችንም ሞልቷል» ብሎ ሰማዩን የመረጠው እሱ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም። ከእሱ የቀረን ምስል ይህ ብቻ ነው።

የቤተሰብ ጉዳይ በአደባባይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ያለፈውን የጠፈር ዘመን የሚናፍቁ፣ ናፍቆታቸውንም በአሮጌ ፎቶግራፍና በአሮጌ ዕቃ መልክ የሚያቀርቡ የጥበብ ሥራዎች ከተለያዩ አገሮች ሲወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ አፍሪካን መድረካቸው አድርገዋል፤ አንደኛው እንዲያውም የእኛኑ አገር፣ የእኛኑ ተዋንያንና የእኛኑ ቋንቋ። ሁለቱን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ናፍቆት የማን ነው? የአጎቴ መጋረጃስ በዚህ ናፍቆት ውስጥ ቦታ አለው?

ከፊልሙ እንጀምር። «ክራምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ የተባለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ስፔናዊ ነው። ፊልሙ በ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ለተመልካች ቀረበ። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዋናውን ገፀ ባህሪ ጋጋኖን ዳንኤል ታደሰ፣ ወዳጁን በርዲን ደግሞ ሰላም ተስፋዬ ይጫወታሉ።

ታሪኩ የሚፈጸመው ዓለም ካለቀች በኋላ ነው። ታላቅ ጦርነት አልፏል፤ የተረፈው ሰው ጥቂት ነው። ሰማይ ላይ ለብዙ ዘመን ቆሞ የዛገ ግዙፍ መንኮራኩር አለ፤ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የለም። ሁለቱ ፍቅረኞች በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ። አንድ ቀን የአዳራሹ የኳስ መመለሻ ማሽን በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መንኮራኩሩም የነቃ ይመስላል። የሌላ ዓለም ሰው ነኝ ብሎ የሚያምነው ጋጋኖ ወደ አገሬ መመለሻዬ ደረሰ ብሎ መንገድ ይጀምራል። በዚህ ዓለም የሃያኛው ክፍለ ዘመን ተራ ሸቀጥ ሁሉ ቅርስ ሆኗል። የልጆች የፕላስቲክ መጫወቻ፣ የማይክል ጃክሰን የሸክላ ሽፋን፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ምስል እንደ ታቦት ይከበራል። ዕቃውን የሚገምተው ነጋዴ እያንዳንዱ ምን ያህል ጥንታዊና ክቡር እንደሆነ በኩራት ይተነትናል፤ ትንተናው ግን ከእውነቱ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ስቄአለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ሳቁ ቀረ። የያንሶ ቀልድ በቁም ነገር የተያዘ ሐሳብ አለውና። ዕቃ ከሰው ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ሆኖም ዕቃው ቢተርፍና ለምን እንደተሠራ የሚያውቀው ሰው ቢጠፋ፣ የሚቀረው ቅርጽ ብቻ ነው። ያ ነጋዴ ዋሾ አይደለም። ታሪኩ ተቆርጦበት የቀረ ሰው ነው። መንኮራኩሩም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ የተስፋ ምልክት የነበረ፣ አሁን ከሰማይ ላይ የማይወርድ የዛገ ብረት።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት ይህን ሁሉ በልዩ ተንኮል አለመሥራቱ ነው። የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ መሬት ያየ ሰው ሌላ ፕላኔት ለመሥራት ስቱዲዮ እንደማያስፈልግ ይገባዋል። የዳንኤል ታደሰም አጨዋወት እንዲሁ ነው። አጭር ቁመናውን፣ የጎበጠ ትከሻውንና የማይቸኩል እርምጃውን ይዞ በዚያ ባዶ ምድር ሲሄድ አሳዛኝም አስቂኝም ለመሆን አይጥርም፤ መንገደኛ ነው። ብዙ ፊልሞቻችን ተዋናይ እንዲያለቅስ ሲያዙ፣ ይህኛው እንዲራመድ ብቻ አዞታል። በበኩሌ ከዚህ የምንማረው አለ እላለሁ።

ጉድለቱም እዚያው ብርታቱ ውስጥ ነው። ፍርፋሪው ሁሉ የሌላ ገበታ ፍርፋሪ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሸክላ፣ ከአሜሪካ የመጣ ስፖርተኛ፣ ከፋብሪካ የወጣ አሻንጉሊት። ዓለም አልቃ በኢትዮጵያ ምድር የተረፈው ቅርስ የኢትዮጵያ ያልሆነው ለምንድን ነው? ዳይሬክተሩ «ነጥቡም ይኸው ነው፤ ሸቀጡ ዓለምን አጥለቅልቋል» ሊል ይችላል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ሆኖም አንድ የሸክላ ጀበና፣ አንድ የፈረስ ልጓም፣ አንድ የጉርድ ፎቶ በዚያ ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ሳቁ ወደ እኛም ይዞር ነበር። ያኔ «የኛንስ ዕቃ ትርጉም እናውቀዋለን ወይ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። ፊልሙ ምድራችንን ወሰደ፤ ትዝታችንን ግን አልጠየቀም።

ሁለተኛው ሥራ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነው። ክሪስቲና ዴ ሚደል የተባለች፣ ቀድሞ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ የነበረች ስፔናዊት በ2012 እ.ኤ.አ. «አፍሮኖውትስ» ብላ በራሷ ወጪ አሳተመችው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ዛምቢያ ነጻ በወጣችበት በ1964 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ማኩካ ንኮሎሶ የተባለ መምህር አገሩን ጨረቃ ላይ ከአሜሪካና ከሶቭየት ኅብረት ቀድሜ አደርሳለሁ ብሎ ተነሣ። ሰልጣኞቹን በበርሜል ውስጥ እያደረገ ከኮረብታ ላይ አንከባለላቸው። ከእነሱ መካከል ማታ ምዋምባ የምትባል የ17 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ገንዘብ አልተገኘም፤ ጉዞውም ሳይሆን ቀረ። የውጭ ጋዜጠኞች ሳቁበት። ነገር ግን ንኮሎሶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ ቅኝ ገዢዎችንም ታግሎ የታሰረ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በበርሜሉ የቀለደው በራሱ ላይ ይሁን በኃያላኑ ሽቅድምድም ላይ፣ ሳቂዎቹ ቆም ብለው አላሰቡም።

ዴ ሚደል ይህን ታሪክ በአብዛኛው ስፔን ውስጥ ባነሣቻቸው ፎቶዎች እንደገና ሠራችው። ጠፈርተኞቹ አበባ ካለው የአፍሪካ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ለብሰዋል፤ ራሳቸው ላይ ክብ መስተዋት ደፍተዋል፤ አንዱ ዝሆን ያቅፋል። ቀለሙ የደበዘዘ ነው። በፎቶዎቹ መካከል ደብዳቤዎችና ያረጁ የሚመስሉ ሰነዶች ገብተዋል። አንባቢው ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አቧራ አራግፎ ያወጣው ይመስለዋል። መጽሐፉ ውብ ነው፤ ቶሎም ተሽጦ አለቀ። ፎቶግራፍ እውነትን ብቻ ይናገራል የሚለውን የዋህ እምነት መፈተኑም ተገቢ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ እርጅናው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እርጅና እንደ ሽቶ የሚርከፈከፍ ነገር ሆኗል። የደበዘዘ ቀለም፣ የታጠፈ ጠርዝ፣ የፊልም ቅንጣት፣ ሁሉም ሆን ተብሎ የመጣ ነው። የእናቴ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ፎቶ ግን የደበዘዘው ለማማር ብሎ አይደለም። የጥሊሊ ክረምት እርጥብ ነው። የፎቶ ወረቀትና የፊልም ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ስለሆነ ሻጋታ እንደ ምግብ ይበላዋል። በአጎቴ ግራ ጉንጭ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ሻጋታው የበላት ናት። ለአንዱ ጌጥ የሆነው ለሌላው ሁለተኛ ሞት ነው።

ወደ ናፍቆቱ ምንጭ እንሂድ። አውሮፓዊውና አሜሪካዊው የጠፈርን ዘመን ሲናፍቅ የሚናፍቀው ያለፈን ነገር ብቻ አይደለም፤ ቃል ተገብቶለት ያልመጣን ነገ ጭምር ነው። ስፑትኒክ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ተተኮሰች። 12 ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ፣ ሰው ጨረቃ ላይ አረፈ። ያን ያየ ልጅ ሲያድግ ማርስ ላይ ሽርሽር እንደሚሄድ አመነ። አልሄደም። ስለዚህ የዚያን ዘመን ፊልም፣ የዚያን ዘመን ካሜራ እያነሣ ያለቅሳል። የእኛ ትዝታ ሌላ ነው። በዜማችንም ቢሆን ትዝታ የነበረንና የሄደን ይጠራል፤ ያልተፈጸመ ዕቅድን አይጠራም።

ቢሆንም የእኛም ሰው በዚያው ዓመት የራሱን ነገ ይጠብቅ ነበር። አምሐ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያውን የጀመረው አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈችበት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የዚያ ዘመን ሸክላ ሽፋኖች በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል የቤተሰብ ፎቶግራፎችን የሰበሰበ መጽሐፍም ታትሟል፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ስሙ እንደሚነግረን አዲስ አበባ ነው። ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ የቆርቆሮ ሣጥናቸውን እንደዘጉ ናቸው።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ታሪክ አለ። የጠፈር ዘመንና የፊልም ፎቶግራፍ በእውነት የተገናኙበት ቦታ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበረ። ስፑትኒክ ስትተኮስ አሜሪካኖች ሳተላይትን ከምድር ሆኖ የሚያነሣ ግዙፍ ካሜራ ሠርተው በየዓለሙ ተከሉ። በነዳፊዎቹ ስም ቤከር-ነን ይባላል። የብርሃን መግቢያው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ 16 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያላትን ቫንጋርድ 1ን በሺህ ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ፊልም ላይ አስቀርቷል። ከእነዚህ ካሜራዎች አንዱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ መጥቶ በስሚዝሶኒያን ጣቢያ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንባቢ ያስበው፤ የእኛ ሰማይ በጥቅልል ፊልም ላይ፣ ሌሊት በሌሊት።

የካሜራው አሠራር ራሱ ሒስ ነው ብል አላጋነንኩም። ካሜራው ሳተላይቱን ተከትሎ ሲዞር ሳተላይቱ ጥርት ያለ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ኮከቦቹ ይጫራሉ። ኮከቦቹን ተከትሎ ሲዞር ደግሞ ኮከቦቹ ነጥብ፣ ሳተላይቱ ጭረት ይሆናል። የተከተሉት ይጠራል፤ ያልተከተሉት ይደበዝዛል። ያንሶና ዴ ሚደል መንኮራኩሩን ተከትለዋል፤ መንኮራኩሩም ጠርቶ ወጥቷል። ከበታቹ የቆመው ሰው ግን ጭረት ሆኗል። ይህን የምለው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ከእኛ መካከል ሰውየውን ለመከተል ካሜራውን ያዞረ ስንት አለ? የደብረ ዘይቱን ጣቢያ ልብ ወለድ ያደረገ ደራሲ፣ ፊልም ያደረገ ዳይሬክተር አላጋጠመኝም። ባዶ ቤት ትተን እንግዳ ገባ ብንል ማን ይሰማናል?

ካሜራውን በማዞር ረገድ አንድ ሰው መጥቀስ እፈልጋለሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም ጤናው ስላልተቀበለው ወደ ካሜራ ዞረ። «የነፍስ ገደሎች» ልንለው በምንችለው የጥቁርና ነጭ ሥራው ያነሣው በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች ድንጋይ ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶግራፎች ነው። ፀሐይና ዝናብ ፊታቸውን በልቶታል። የአንዱ ዓይን ብቻ ቀርቷል፤ የሌላው ክራቫት። እዚህ ሥራ ውስጥ እርጅና አልተቀባም። ፎቶ አንሺው ሲሞት ያገኘውን ምስል ሳይሞት በፊት አነሣው፣ በቃ። ስለ ጠፈር አንድ ቃል የለውም፤ ሆኖም ከሁለቱ የጠፈር ሥራዎች ይልቅ ስለ ጊዜ ብዙ ይነግረኛል።

ስለ ፎቶ አንሺ ካነሣን ጨረቃ ላይ የሆነውን ልጨምር። ከአፖሎ 11 ፎቶዎች እጅግ የታወቀው የበዝ ኦልድሪን ነው። በራስ ቁሩ መስተዋት ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ጥላ ትታያለች፤ እሷ ኒል አርምስትሮንግ ናት፤ ካሜራውን የያዘው እሱ ነበርና። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ሰው እዚያ ቆሞ የተነሣ ደህና ፎቶ የለውም ማለት ይቻላል። ጠፈርተኞቹ ሸክም ለመቀነስ ካሜራዎቻቸውን ጨረቃ ላይ ጥለው የፊልም ካዝናውን ብቻ ይዘው ተመለሱ። እነሱ እንኳ ከማሽኑና ከፊልሙ የትኛው እንደሚበልጥ ያውቁ ነበር።

እኛስ? የአጎቴን ኔጋቲቭ ፍለጋ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄጄ ነበር። በአካባቢያችን ካሉ ከተሞች በአንዱ ነው፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። አሁን የሞባይል ካርድና ዕቃ መሸጫ ሆኗል። የባለቤቱ ልጅ በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ቡናም ጋበዘኝ። የአባቱ ኔጋቲቮች በሦስት ጆንያ ኮርኒስ ላይ እንደነበሩ ነገረኝ። ቤቱ ሲታደስ ወረዱ። «ከሰል ለማቀጣጠል ግሩም ነበሩ» አለኝ፤ እንደዋዛ። የሦስት ጆንያ ሰው። የሠርግ፣ የመታወቂያ፣ የሐዘን፣ ኮት ተከራይቶ አውሮፕላን ፊት የቆመ ሰው ሁሉ። ልጁን አልተቆጣሁትም። ትርጉሙን የነገረው የለም። የ«ክራምብስ» ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ታሪኩን አጥቷል፤ እኛ ደግሞ ታሪኩ ገና በሕይወት እያለ ዕቃውን አቃጠልን። የትኛው ይብሳል?

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተተኩሳ ምህዋሯ ገባች። በዚያ ማለዳ እንጦጦ ላይ ደስታ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። እናቴ በልጅነቷ በጥሊሊ ጨለማ ሌሊት «የሚሄድ ኮከብ» ታይ እንደነበር ትናገራለች፤ ሽማግሎች አንዳንዱ የንጉሥ ሞት፣ አንዳንዱ የጥጋብ ዘመን ምልክት ነው ይሉት ነበር አሉ። ዛሬ በክልላችን ልጆች ከሰማይ ድምፅ ሲሰሙ ቀና የሚሉበት ምክንያት ሌላ ሆኗል፤ ኮከብ ቆጠራ አይደለም። ስለዚህ ሰማይን መናፈቅ ለእኛ የቅንጦት ጨዋታ አይደለም። አንድ ወጣት አበባውን ትቶ ሰማዩን የመረጠበት ጊዜ እንደነበረ ማስረጃ የሚሆነን ያ የተሻገተ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ክራምብስ» መታየት ያለበት፣ ከብዙ ፊልም የሚሻል፣ ዕቃን የሚያውቅና ባለዕቃውን ያልጠየቀ ሥራ ነው። «አፍሮኖውትስ» ውብና ብልጥ ነው፤ እርጅናን ግን በርካሽ ገዝቷል። ሁለቱም የሚጠይቁን ቁጣ አይደለም፤ ሥራ ነው። ጥሬው በእጃችን አለ። በየወረዳ ከተማው የቀረ የፎቶ ቤት ጆንያ ካለ ይውረድ፤ ግን ወደ ከሰል ምድጃ አይሂድ። ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በስስ ወረቀት ይጠቅለል፤ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት እያለ ይጠየቅ።

እኔ በበኩሌ ባለፈው ክረምት የአጎቴን ፎቶ ከቆርቆሮው አውጥቼ በጀርባው ጻፍኩበት፤ በእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃልና በእርሳስ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ጥሊሊን፣ እናቴ የምትገምተውን ዓመት። እናቴ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። «መጋረጃውን የመረጠው እሱ መሆኑንም ጻፈው» አለችኝ። ጻፍኩት።